አእምሯቸው የደከመ ወላጆችና የእንቅልፍ መድኃኒት

እንቅልፍ ለሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠ የድካም ካሣ ነው። ባለጠጋው በአልጋው፤ ድኻውም በመደቡ ላይ እኩል የሚካፈሉት ሀብት ስለ ሆነ፤ ዋጋው የሚታወቀው በጠፋ ጊዜ ብቻ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ግን አእምሮው የደከመ አባት ወይም እናት ያለ እንደ ሆነ፤ እንቅልፍ የሚጠፋው ከአንድ ሰው ብቻ አይደለም። እናት ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ተነሥተው በር ሲነካኩ ልጅ አብራ ትነሣለች፤ የልጅ ልጆችም ከእንቅልፋቸው ይባንናሉ፤ በነጋም ጊዜ ወደ ሥራ የሚሄደው ወደ ሥራው፤ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደውም ወደ ትምህርቱ ደክሞ ይወጣል።

እንዲህ ያለው ኑሮ ሳምንታትና ወራት ሲቈጠሩበት፤ ቤተሰቡ መፍትሔ መፈለጉ አይቀርም። ያም መፍትሔ አብዛኛውን ጊዜ የእንቅልፍ ኪኒን ነው። ኪኒኑም በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ጸጥታን ያመጣል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን እናት ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋሉ፤ ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ፤ ትናንት ያውቁት የነበረውን የልጃቸውን ስም ዛሬ ይስታሉ። ቤተሰቡም «ሕመሙ ባሰባቸው» ብሎ ያዝናል። ለመሆኑ የባሰው ሕመሙ ነውን፤ ወይስ መድኃኒቱ? ይህን ጥያቄ በጊዜው የጠየቀ ቤተሰብ ወላጁን ከብዙ ጉዳት ሊያድን ይችላል። ይህንንም ጽሑፍ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያሰብነው ስለዚሁ ነው።

ሕመሙ እንቅልፍን የሚያናጋበት ምክንያት

በአገራችን ሰው ሸምግሎ ነገር መርሳትና ማደናገር ሲጀምር «ጃጀ» ይባላል። ይህም ቃል ነገሩን የዕድሜ ዕዳ ብቻ አስመስሎ ያሳያል። ነገር ግን መርሳት የበዛበት ድካም በእውነቱ የአንጎል ሕመም ነው። አሎይስ አልዝሃይመር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1901 በፍራንክፈርት ከተማ አንዲት የ51 ዓመት ሴት መርምሮ፤ በ1906 ሴትዮዋ ከሞተች በኋላ አንጎሏን በአጉሊ መነጽር ተመልክቶ፤ በውስጡ ያየውን ጉዳት በዚያው ዓመት ለሐኪሞች ጉባኤ ገለጠ። በ1910ም በሽታው በስሙ ተጠራ። ዛሬ የመርሳት ሕመም ከሚባሉት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ይኸው የአልዝሃይመር በሽታ ነው።

በአንጎል ውስጥ ከዐይን ነርቮች መጋጠሚያ በላይ የሚገኝ አንድ ትንሽ የሕዋሳት ስብስብ አለ፤ ሥራውም እንደ ሰዓት ሆኖ ቀንን ከሌሊት መለየት ነው። የመርሳት ሕመም ይህን ሰዓት ያዳክመዋል። ስለዚህ ሕመምተኛው ቀን ያንቀላፋል፤ ሌሊት ይነቃል። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ደግሞ መቅበጥበጥ፤ መፍራትና «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ማለት ይጀምራል፤ በገዛ ቤቱ ተቀምጦ ሳለ እንኳ። ከዚህም በላይ ለማስታወስ የሚረዳው አሲታይልኮሊን የተባለው የአንጎል ንጥረ ነገር በሕመሙ ይመናመናል። ወደ ፊት እንደምናየው፤ አንዳንድ የእንቅልፍ መድኃኒቶች የሚጎዱት የቀረውን ይህንኑ ጥቂት ሀብት ነው።

ልማድን ከሕመም ስለ መለየት

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ዘመናቸውን ሁሉ ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፍተው ለኪዳን ሲገሠግሡ የኖሩ እናት፤ ዛሬም በዚያው ሰዓት ቢነሡና ነጠላቸውን ቢፈልጉ፤ ይህ በሽታ አይደለም። አእምሯቸው ብዙውን ነገር ቢረሳም፤ ሥር የሰደደው ልማድ አልጠፋምና ነው። እንደዚህ ላሉት እናት ኪኒን ከመስጠት ይልቅ፤ መብራት አብርቶ፤ ጋቢ ደርቦላቸው፤ ከሥዕለ አድኅኖ ፊት ወንበር አኑሮ ጸሎታቸውን እንዲያደርሱ መተው ይሻላል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ብዙዎቹ ረክተው ወደ መኝታቸው ይመለሳሉ።

እንደዚሁም ምሽት በሁለት ሰዓት የተኛ ሽማግሌ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ቢነቃ፤ ሰባት ሰዓት ተኝቷልና እንቅልፍ አጣ አይባልም። እንቅልፍ ያጣነው እኛ እንሆናለን። መድኃኒቱ የሚሰጠው ለማን ጥቅም ነው? ለወላጁ ነው ወይስ ለቤቱ ጸጥታ? ይህን ለይቶ ማወቅ የመጀመሪያው ጥበብ ነው።

የመድኃኒቶቹ ዐይነትና ጠባይ

ለእንቅልፍ ሲባል ለሽማግሌዎች የሚሰጡት መድኃኒቶች በአራት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ።

1ኛ/ የዲያዜፓም ወገን። ዲያዜፓም እ.ኤ.አ. በ1963 በቫሊየም ስም ለገበያ የቀረበ ሲሆን፤ ሎራዜፓምና ብሮማዜፓም የዚሁ ወገን ናቸው። ዲያዜፓም በወጣት ሰውነት ውስጥ ግማሹ ተወግዶ ለመውጣት ከ1 እስከ 2 ቀን ይፈጅበታል፤ በ80 ዓመት ሽማግሌ ሰውነት ግን እስከ 3 ቀንና ከዚያም በላይ ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ በየማታው የሚሰጠው ኪኒን ከትናንቱና ከትናንት በስቲያው ጋራ እየተደራረበ ይከማቻል። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም ጉዳት ያልታየባቸው አባት በሦስተኛው ሳምንት የሚወድቁበት ምክንያት ይኸው ነው። የነዚህ መድኃኒቶች ዋና ጉዳት መንገዳገድ፤ የማስታወስ ኀይል መቀነስ፤ የትንፋሽ መዳከምና ሱስ ማስያዝ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም በ2020 ስለ ሱስ አስያዥነታቸውና ሲቋረጡ ስለሚያመጡት ጉዳት ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዝዟል።

2ኛ/ የዞልፒደም ወገን። እነዚህ ቶሎ የሚያስተኙና ከዲያዜፓም ይልቅ ቶሎ ከሰውነት የሚወጡ ናቸው። ነገር ግን በሽማግሌ ላይ መንገዳገድንና መደናገርን ከማምጣት አይድኑም። ይኸው ባለሥልጣን በ2013 ለሴቶች የሚታዘዘው የዞልፒደም መጠን ከ10 ሚሊ ግራም ወደ 5 እንዲወርድ አደረገ፤ በ2019 ደግሞ ሰው ሙሉ በሙሉ ሳይነቃ ተነሥቶ መሄድን፤ ምግብ ማብሰልንና ሌላም አደገኛ ሥራ መሥራትን ሊያስከትል እንደሚችል አስጠነቀቀ። እሳት ከማይጠፋበት ማድ ቤት አጠገብ ለሚተኙ እናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

3ኛ/ የጉንፋንና የአለርጂ መድኃኒቶች። ፕሮሜታዚን፤ ክሎርፌኒራሚንና ዳይፈንሃይድራሚን ማሳከክንና ንፍጥን ለማስታገሥ የተሠሩ ቢሆኑም፤ ስለሚያስተኙ ብዙ ሰው ለእንቅልፍ ይጠቀምባቸዋል። በአሜሪካ የሚኖሩ ልጆችና ዘመዶች በሻንጣ የሚልኳቸው «ፒኤም» የሚል የተጻፈባቸው የራስ ምታት ኪኒኖች፤ ለምሳሌ ታይሌኖል ፒኤም፤ በውስጣቸው ዳይፈንሃይድራሚን አለባቸው። ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡ ስለ ሆኑ ጉዳት የሌለባቸው ይመስላል። ዳሩ ግን እነዚህ መድኃኒቶች ከላይ የጠቀስነውን አሲታይልኮሊን ሥራውን ይከለክሉታል። ሐኪሙ ዶኔፔዚልን የመሰለ መድኃኒት አዝዞ ይህን ንጥረ ነገር ሊያበረክት ሲደክም፤ ቤተሰቡ በማታ የሚሰጠው ኪኒን መልሶ ያፈርሰዋል። ለእንቅልፍና ለሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም የዚሁ ጠባይ ተካፋይ ነው። ምልክታቸውም የአፍ መድረቅ፤ የሆድ ድርቀት፤ የሽንት መያዝ፤ የዐይን መደብዘዝና ያልሆነ ነገር ማየት ነው።

4ኛ/ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የተሠሩ መድኃኒቶች። ሃሎፔሪዶል፤ ክሎርፕሮማዚን፤ ሪስፔሪዶን፤ ኦላንዛፒንና ኩዌታፒን የተባሉት የታወከውን ሰው ስለሚያረጋጉ አንዳንድ ጊዜ ለእንቅልፍ ይሰጣሉ። የአሜሪካው ባለሥልጣን በ2005 የ17 ጥናቶችን ውጤት በአንድነት ሲመረምር፤ የመርሳት ሕመም ካለባቸው ሽማግሌዎች መካከል የዚህን ወገን አዳዲስ መድኃኒቶች ከወሰዱት በ10 ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ከመቶ 4.5ቱ፤ መድኃኒት ያልሆነ ኪኒን ከወሰዱት ግን ከመቶ 2.6ቱ ሞተው ተገኙ። በ2008 ማስጠንቀቂያው ሃሎፔሪዶልን ለመሳሰሉት ለቀድሞዎቹም ተደረገ። የሌዊ ቅንጣት በሚባለው የመርሳት ሕመም ለተያዙ ሰዎች ደግሞ አደጋው እጅግ የከፋ ነው፤ ሰውነታቸው በድንገት እንደ እንጨት ሊደርቅ ይችላል። እነዚህ መድኃኒቶች ወላጁ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ሲደርስ፤ በሐኪም ምክር፤ በትንሽ መጠንና ለአጭር ጊዜ ይሰጡ ይሆናል፤ ለእንቅልፍ ብቻ ተብለው ግን ሊሰጡ አይገባም።

ጥቅሙና ጉዳቱ ሲመዘን

ማርክ ቢርስ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1991 ለሽማግሌዎች የማይስማሙትን መድኃኒቶች ዝርዝር አወጣ። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየታደሰ ሲወጣ በ2023ም ታድሷል። ከላይ የጠቀስናቸው ወገኖች ሁሉ የመርሳት ሕመም ላለባቸው ሰዎች እንዳይሰጡ ከሚመከሩት መካከል ይገኛሉ።

ለመሆኑ የሚገኘው ጥቅም ምን ያህል ነው? በ2005 በእንግሊዝ አገር የሕክምና መጽሔት የታተመ ምርመራ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረጉ 24 ጥናቶችን አጠቃልሎ ነበር። የእንቅልፍ ኪኒን የወሰዱት ሰዎች በአንድ ሌሊት የጨመሩት እንቅልፍ በአማካይ 25 ደቂቃ ያህል ነው። አንድ ሰው እንዲጠቀም 13 ሰዎች መውሰድ ነበረባቸው፤ አንድ ሰው እንዲጎዳ ግን 6 ሰዎች መውሰዳቸው ይበቃ ነበር። እነዚህም አእምሯቸው ያልደከመ ሽማግሌዎች ናቸው። ሚዛኑ አእምሮው ለደከመው ወደ የትኛው እንደሚያጋድል አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

«ከተፈጥሮ የተገኘ» እየተባለ የሚወደሰው ሜላቶኒንም ቢሆን፤ በ2020 ኮክሬን በተባለው ማኅበር የተደረገው ምርመራ በአልዝሃይመር ሕመምተኞች እንቅልፍ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላመጣ አመልክቷል። የንቃትን ንጥረ ነገር የሚያግዱ አዳዲስ መድኃኒቶች ጥቂት ተስፋ አሳይተዋል፤ ጭማሪያቸው ግን ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

ጉዳቱ የሚታወቅባቸው ምልክቶች

ሕመሙ የሚብሰው በወራትና በዓመታት ነው፤ መድኃኒት የሚያመጣው ጉዳት ግን በቀናትና በሳምንታት ይታያል። ዋናው መለያ ይህ ነው። ስለዚህ አዲስ ኪኒን ከተጀመረ፤ መጠኑም ከጨመረ በኋላ ወላጁ በድንገት ቢለወጥ፤ አስቀድሞ የሚጠረጠረው መድኃኒቱ ይሁን።

ቤተሰቡ አንድ ደብተር አዘጋጅቶ በየቀኑ ይጻፍ። የሚጻፈውም ወላጁ በስንት ሰዓት ተኛ፤ ስንት ጊዜ ነቃ፤ የትኛውን መድኃኒት በስንት ሰዓትና በስንት ሚሊ ግራም ወሰደ፤ ጠዋት አነሣሡ እንዴት ነበር፤ ቀን ስንት ጊዜ አንቀላፋ፤ አረማመዱ ጸና ወይስ ተንገዳገደ፤ በላ፤ ጠጣ፤ ሸና፤ ተጸዳዳ የሚል ነው። የሁለት ሳምንት ጽሕፈት በሐኪም ፊት ከብዙ ንግግር ይበልጣል። ወደ ሐኪም በሚሄዱበትም ጊዜ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፤ የጉንፋኑን፤ የደም ግፊቱን፤ ከውጭ አገር የተላከውን፤ የባህል መድኃኒቱንም ሳይቀር በአንድ ከረጢት አድርጎ መያዝ ይገባል።

ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ የታየ እንደ ሆነ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል፤ ይኸውም ወላጁ ሲጠሩትና ሲነቀንቁት የማይነቃ ሲሆን፤ ትንፋሹ ሲዘገይ ወይም ከንፈሩ ሲጠቁር፤ ወድቆ ራሱን ሲመታ፤ ቀኑን ሙሉ ሽንት ሲያጣ፤ ሰውነቱ ደርቆ ትኩሳት ሲይዘው፤ እንዲሁም በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በድንገት መቃዠት ሲጀምር ነው። ይህ ድንገተኛ ቅዠት አንዳንድ ጊዜ ከመድኃኒት፤ አንዳንድ ጊዜም ከሽንት ቧንቧ ወይም ከሳንባ ሕመም ይመጣልና፤ ቅዠቱን በሌላ ኪኒን ለማስተኛት መሞከር ትልቅ አደጋ ነው።

ሌላም ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፤ ምሽት የተሰጠው ኪኒን አልሠራም ተብሎ በእኩለ ሌሊት ሁለተኛ አይደገም። ሁለተኛ፤ የእንቅልፍ ኪኒን ከጠላ፤ ከጠጅና ከአረቄ ጋራ፤ ወይም ትራማዶልን ከመሰለ የሕመም ማስታገሻ ጋራ ሲገናኝ ትንፋሽን ሊያቋርጥ ይችላል። በዝክርና በሰንበቴ የሚቀርበውን ጠላ ለቀመሱ አባት በዚያው ማታ ኪኒን መስጠት አይገባም። አጥብቀው የሚያንኮራፉና በእንቅልፋቸው ትንፋሻቸው ቆም የሚልባቸውም ከማንም የበለጠ ጥንቃቄ ያሻቸዋል።

በድንገት ስለ ማቋረጥ

ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ዛሬውኑ ኪኒኑን እጥላለሁ» ሊል ይችላል። እንዲህ ማድረግ ግን ከመስጠቱ የባሰ ጉዳት ያመጣል። የዲያዜፓምን ወገን ለሳምንታት ሲወስድ የቈየ ሰው በአንድ ቀን ቢያቋርጥ፤ እንቅልፍ ፈጽሞ ማጣት፤ መንቀጥቀጥ፤ ላብ፤ ብርቱ መታወክ፤ አልፎም እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊያገኘው ይችላል። ሐኪሞች መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ። ብዙውን ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ ከአራት እጅ አንዱን እየቀነሱ፤ በመጨረሻም ይበልጥ እየዘገዩ ለብዙ ሳምንታት ይሄዳሉ። በመካከሉ አንድና ሁለት መጥፎ ሌሊት ይመጣል፤ ይህም ሥራው ተበላሸ ማለት አይደለምና ተስፋ መቍረጥ አይገባም።

በዚህ ረገድ ስለ ጠበል አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ብዙ ቤተሰብ ወላጁን ወደ ጠበል በሚወስድበት ጊዜ መድኃኒት መቀጠል የእምነት ጉድለት ይመስለውና ሁሉንም በአንድ ቀን ያቋርጣል። ይሁን እንጂ ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። በሲራክ መጽሐፍ ምዕራፍ 38 ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር ዘንድ መሆናቸው ተነግሯል። በኤች አይ ቪ መድኃኒት ምክንያት ይኸው ጥያቄ በተነሣ ጊዜም ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም በአንድነት እንዲጠቀሙ አስተምረዋል። ስለዚህ ወላጁ ጠበል ሲጠመቅ መድኃኒቱ በሰዓቱ ይሰጠው፤ በብርድም እንዳይንዘፈዘፍና እንዳይወድቅ የሚደግፈው ሰው አይለየው።

ስለ ጾምም እንዲሁ ነው። አእምሮው የደከመ ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ሳይበላና ሳይጠጣ ቢውል፤ ሰውነቱ ውኃ ያጣል፤ ሲነሣ ያዞረዋል፤ መድኃኒቱም ይበረታበታል። ለታመመና ለደከመ ሰው የንስሐ አባት የሚያዝዙት አለና፤ ልጆች በራሳቸው ከመወሰን ይልቅ እርሳቸውን ያማክሩ።

ከኪኒን በፊት የሚደረግ

እንቅልፍ የሚያሳጣው ነገር ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። አእምሮው የደከመ ሰው «ጕልበቴን ያመኛል»፤ «ሆዴ ደርቋል»፤ «ሽንቴ መጣ» ብሎ መናገር ይሳነዋል፤ ስለዚህ ይነሣል፤ ይንጎራደዳል፤ ይቈጣል። ጥርሱን፤ እግሩን፤ ሆዱን መርምሮ ሕመሙን ማስታገሥ ከማናቸውም የእንቅልፍ ኪኒን ይቀድማል። በተለይም የወንዶችን የሽንት ችግር ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ከዚያ ቀጥሎ መድኃኒት የሚወሰድበትን ሰዓት መመልከት ነው። ለልብና ለደም ግፊት የሚታዘዘው ፉሮሴማይድ፤ በተለምዶ ላዚክስ የሚባለው፤ ሽንት ያበዛል፤ ማታ ከተወሰደ ሌሊቱን ሲያመላልስ ያድራል። ዶኔፔዚልም በመኝታ ሰዓት ሲወሰድ በአንዳንድ ሰው ላይ የሚያባንን ሕልም ያመጣል። ሐኪሙ ሰዓቱን ወደ ጠዋት ቢለውጠው፤ ያለ ምንም አዲስ ኪኒን እንቅልፍ የሚመለስበት ጊዜ አለ።

ቡናም አይረሳ። ከቀትር በኋላ የሚፈላው ቡና አቦል፤ ቶና፤ በረካ እየተባለ ሲጠጣ፤ ኀይሉ እስከ እኩለ ሌሊት ይቈያል። እናትን ከቡናው ሥርዐት ማራቅ ግን ከጨዋታውና ከዘመዱ ማራቅ ነው። ስለዚህ ቡናው ወደ ጠዋት ይዛወር፤ ከሰዓት በኋላ የተፈላም እንደ ሆነ ለእርሳቸው ቀጠን ያለው በረካ ብቻ ይቀዳላቸው።

ቀን ብርሃን ያላየ ሰው ሌሊት አይተኛም። ወላጁ በጠዋት ፀሐይ ከበረንዳው ወይም ከደጁ ይቀመጥ፤ ቢችል በእግሩ ይንቀሳቀስ፤ እጁም ሥራ አይፍታ፤ ጥጥ መፍተል፤ ምስር መልቀም፤ መቍጠሪያ መቍጠር፤ የለመደውን ሁሉ ያድርግ። የቀን እንቅልፍ ከምሳ በኋላ ከግማሽ ሰዓት አይብለጥ። ፀሐይ ስትጠልቅ መብራት ቶሎ ይብራ፤ ጨለማና ጥላ ያስፈራዋልና፤ ሬዲዮና ቴሌቪዥንም ይቀነስ።

ሌሊት ሲነሡ

ወላጁ ሌሊት መነሣቱ ባይቀርም፤ ሳይወድቅ እንዲነሣ ማድረግ ይቻላል። ከአልጋ ወደ መጸዳጃ የሚወስደው መንገድ ከበርጩማና ከሚያደናቅፍ ምንጣፍ ይጸዳ፤ አነስተኛ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ይብራ፤ ነጠላ ጫማ ሳይሆን ተረከዝን የሚይዝ ጫማ ይዘጋጅ። መጸዳጃው በግቢ ውስጥ ከሆነ፤ ከአልጋው አጠገብ ፖፖ ማኖር አሳፋሪ ነገር አይደለም። የማድ ቤቱ በር ይቈለፍ፤ ጋዝና ክብሪት ይነሡ። በውጭው በር ላይ ትንሽ ቃጭል ቢንጠለጠል ሲከፈት ያስታውቃል። ወላጁ በእሳት ጊዜ መውጫ እንዳያጣ ግን ብቻውን ቈልፎበት መሄድ ፈጽሞ አይገባም።

«ወደ ቤቴ ልሂድ» ሲሉ «ይኸውና ቤትዎ» ብሎ መከራከር ጭንቀታቸውን ያብሳል። «አባባ፤ አሁን ጨልሟል፤ ሲነጋ አብረን እንሄዳለን፤ እስኪ ጋቢውን ይልበሱ» ብሎ እጃቸውን መያዝ ይሻላል። ድምፅ ዝግ ይበል፤ ብርሃን ለስላሳ ይሁን፤ የሚታወቅ መዝሙር ቀስ ብሎ ቢሰማ ብዙዎችን ያረጋጋል።

ኪኒኑን ደብቆ ስለ መስጠት

ወላጁ መድኃኒት አልወስድም ሲል፤ አንዳንድ ቤተሰብ ኪኒኑን ፈጭቶ በበሶ ወይም በሾርባ ውስጥ ይደብቃል። ይህ ሁለት ችግር አለበት። የመጀመሪያው የሰውነት ነው፤ ቀስ እያሉ እንዲሟሙ ተደርገው የተሠሩ ኪኒኖች ሲፈጩ ሙሉ ኀይላቸውን በአንድ ጊዜ ይለቃሉ፤ ስለዚህ መድኃኒት ቤቱን ሳይጠይቁ ማናቸውንም ኪኒን መፍጨት አይገባም። ሁለተኛው የክብር ነው። አንድ ጊዜ ምግባቸው መራራ የሆነባቸው እናት በልጃቸው እጅ መብላት ሊተዉ ይችላሉ፤ በረሳ አእምሮ ውስጥ እንኳ ጥርጣሬ ሥር ይሰዳል። ለሕይወት የሚያስፈልግ መድኃኒት ሆኖ ሌላ መንገድ ባይገኝ፤ ሐኪሙና ቤተሰቡ ሁሉ ዐውቀውት ይደረግ፤ ለቤቱ ጸጥታ ተብሎ በስውር የሚሰጥ የእንቅልፍ ኪኒን ግን ለኅሊና ይከብዳል።

ስለ አስታማሚዋ

እዚህ ላይ የደረሰ አንባቢ፤ በተለይም ወላጅዋን የምታስታምም ሴት ልጅ፤ «ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ እኔስ መቼ ልተኛ?» ብትል እውነት አላት። ሌሊቱን ሁሉ የምትነቃ አንዲት ሴት ደብተር መጻፍም፤ በትዕግሥት መናገርም ያቅታታል። ለኪኒን የሚያስገድደው የወላጁ ሕመም ብቻ ሳይሆን፤ ሸክሙ በአንድ ትከሻ ላይ መውደቁ ነው። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች ሌሊቱን በተራ ይከፋፈሉት። በሩቅ አገር ያሉት ከሻንጣ ኪኒን ይልቅ የሌሊት ረዳት የሚቀጠርበትን ገንዘብ ቢልኩ ይበልጥ ይጠቅማሉ። የተቀጠረችውም ሠራተኛ ቀን ሥራ እየሠራች ሌሊት እንድትነቃ አትገደድ፤ እርሷም ሰው ናትና። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበርተኞችም በሽተኛ ሲጠይቁ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ከመምጣት ባሻገር፤ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ከሽማግሌው ጋራ ተቀምጠው አስታማሚዋን እንድትተኛ ቢያደርጓት፤ በእውነት ከማናቸውም መድኃኒት የሚበልጥ ነገር አደረጉ።

አንዳንድ ጊዜ ይህ ሁሉ ተደርጎ መድኃኒት የግድ ይሆናል። ያን ጊዜ ሐኪሙን አራት ነገር መጠየቅ ነው፤ የተሰጠው ለምንድር ነው? ከሁሉ ያነሰው መጠን ስንት ነው? ለስንት ቀን ነው? ጉዳት ቢታይ እንዴት ይቀነሳል? ለነዚህ መልስ የሌለው ኪኒን በየወሩ እየታደሰ ለዓመታት ይሰነብታል፤ ለምን እንደ ተጀመረም የሚያስታውስ ሰው ይጠፋል።

በሲራክ መጽሐፍ ምዕራፍ 3 ልጅ አባቱን በሽምግልናው እንዲረዳ፤ አእምሮው ቢጎድል እንኳ እንዲታገሠውና እንዳይንቀው ታዝዟል። ይህን ያዘዘው ጠቢብ ሽማግሌ አእምሮው ሊደክም እንደሚችል ከዐወቀ ብዙ ዘመን ሆኗል። አባትን ማክበር በጠራ አእምሮ በሚመክሩን ዘመን ቀላል ነው፤ ከሌሊቱ በስምንት ሰዓት ስማችንን ረስተው በር ሲነካኩ ግን ይከብዳል። ያን ጊዜ ያስተኛቸው ዘንድ እጃችን ወደ ኪኒኑ ከመዘርጋቱ በፊት፤ ብርድ፤ ጥማት፤ ሕመም ወይም ፍርሃት ይዟቸው እንደ ሆነ እንጠይቅ። እግዚአብሔር ለሽማግሌዎቻችን የሰላም ዕረፍትን፤ ለሚያስታምሟቸውም ብርታትን ይስጥልን።